ጥቅምት ሲመጣ ለምን ይበርደናል? የ1998ቱ ጭንቅ በየቤታችን

(ከዚህ በታች የሚቀርበው ጽሑፍ፣ በግሏ የምትሠራ አንዲት ጋዜጠኛ በአንድ የወጣቶች የንባብ ክበብ ተጋብዛ ካደረገችው ንግግር የተወሰደ ነው። ለጋዜጣ እንዲመች መጠነኛ ማሳጠር ተደርጎበታል።)



«ዛሬ ደግሞ ስለ ፖለቲካ ልታወራ ነው» ብላችሁ በር በሩን የምታዩ ካላችሁ ተረጋጉ። የዛሬው ርዕሴ ሽሮ ነው። ሽሮ፣ ታክሲ፣ ስልክ፣ የልጅ ደብተር፣ የሰፈር ቡና… ፖለቲካው ሳያንኳኳ እነዚህ ውስጥ ሰተት ብሎ ሲገባ ምን እንደሚመስል ላወጋችሁ ነው የመጣሁት።

አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ሥጋ ቢጤ ቅመሱበት ማለታቸው ነው። የእኛን ዘመን ሰው ግን በዚህ ወቅት የሚያንዘፈዝፈው ሌላም ነገር አለ። እስቲ አብረን እንቁጠር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በጥቅምት 1998 አዲስ አበባ ላይ ጥይት ዘነበ። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ ሊያከብር የወጣ ሕዝብ አለቀ፤ በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የትግራይ ጦርነት ፈነዳ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 እንደገና በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፈጣሪ ሲታረቀን ደግሞ በዓመቱ በዚያው ቀን፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የማቆም ስምምነት ተፈረመ። ክፉውም ደጉም በራችንን የሚመታው እሸቱ ደርሶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ «ተመስገን፣ ክረምቱ ወጣ» ስንል ነው!

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን መርጫለሁ፤ የ1998ቱን። ሃያ ዓመት አልፎታል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፣ ወይም በአንቀልባ ላይ ነበራችሁ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ቁጥሩን እናውቃለን፤ ኑሮውንስ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና በአጭሩ ላስታውስ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተደረገ። ከዚያ በፊት ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይና ዙሪያው በሕዝብ ተጥለቅልቆ ነበር። ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበሮች 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ከዚያ የአገር አቀፉ ውጤት ጭቅጭቅ አስነሳ። ሰኔ 1 ቀን የመጀመሪያው ደም ፈሰሰ። ክረምቱ በጭቅጭቅ አለፈ። ጥቅምት ላይ ቅንጅት የሰላማዊ ተቃውሞ ጥሪ አቀረበ፤ ክላክስ ንፉ፣ ቤት ዋሉ፣ ከገዥው ፓርቲ ድርጅቶች አትግዙ የሚል። ጥቅምት 21 ሰኞ ከተማዋ በክላክስ ጮኸች። ማክሰኞ ጥቅምት 22 መርካቶ ላይ ግጭት ተነሳ፤ ጥይቱ ከዚያ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛመተ።

መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔውና በጥቅምቱ የተገደሉትን ሲቆጥር 193 ሰላማዊ ሰዎች አገኘ። የቆሰሉት 763። ከፖሊሶችም የሞቱ ነበሩ። ይህን ቁጥር ዓለም የሰማው የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው አገር ጥለው ከወጡ በኋላ ነው። የታሰረው በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ነው። የቅንጅት መሪዎች ከነአቶ ኃይሉ ሻውል፣ ከነዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ ከነብርቱካን ሚደቅሳና ከነፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ጭምር እስር ቤት ወርደው፣ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ።

ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የታሪክ ጸሐፊም ይጽፈዋል። ለመሆኑ ግን፣ ረቡዕ ጥቅምት 23 ጠዋት ሊጥ አቡክታ የነበረችው እናት ምን አደረገች? ልጇ ትምህርት ቤት እያለ ጥይት የሰማ አባት በየት በኩል ሮጠ? ለቅዳሜ ሠርግ ካርድ በትኖ የነበረው ሙሽራስ? ይህን የጻፈልን የለም። ባለሥልጣኑ አልጻፈውም፣ ተቃዋሚውም አልጻፈውም። እኛ ጋዜጠኞች ነን የምንለውም ብዙ አልነካነውም።

በጥቅምት ምን ዝናብ አለ?

ከስልክ ልጀምር። ያኔ ሞባይል የያዘ ሰው በሰፈር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ደግሞ ከምርጫው በኋላ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ፣ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ዲዳ ሆኖ ከርሟል። ዛሬ ኢንተርኔት ለሁለት ቀን ሲቋረጥ የሚጨንቃችሁ ልጆች፣ እስቲ ሁለት ዓመት አስቡት!

ሕዝብ ግን ብልሃት አያጣም። ሚስኮል ቋንቋ ሆነ። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ» ነው። ሁለቴ ከጠራ «ባለህበት ቆይ» ነው። እኛ የምንኖረው ጉለሌ ነበር፤ ስልክ የሚመጣልን ጎረቤታችን ቤት ነው። እኚህ ሴትዮ በዚያ ሳምንት እንደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነበር ሰው የሚሰለፍባቸው። አንድም ቀን «የቢል ሒሳብ» ሲሉ አልሰማሁም።

በስልክ ደግሞ ማንም ነገሩን በስሙ አይጠራም። «እዚያ ዝናብ አለ ወይ?» ትላለች እናቴ መሳለሚያ ለምትኖረው እህቷ። «ኧረ በኃይለኛው ይዘንባል! ልጆቹን እንዳታስወጪ» ትላለች ወዲያኛዋ። እኔና ወንድሜ ቀና ብለን እናያለን፤ ሰማዩ መስተዋት ነው፣ ደመና የሚባል ነገር የለም። በጥቅምት ምን ዝናብ አለ? ያን ቀን ነው ትልልቅ ሰዎች በሁለት ቋንቋ እንደሚናገሩ የገባን። አንዱ ለጆሮ ጠቢው፣ አንዱ ለዘመድ። ከዚያ ወዲህ ያ ሁለተኛው ቋንቋ ከአፋችን ወጥቷል ወይ? እናንተው መልሱልኝ።

«ቤት ዋሉ» ለማን ይመቻል?

አሁን የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይም ይሆናል። ሆኖም ልናገረው። ቤት መዋል ሰላማዊ ተቃውሞ ነው። ድንጋይ አልያዘም፣ ጥይት አልተኮሰም። ለዚህ ጥሪ በጥይት መመለስ በየትኛውም ሚዛን ወንጀል ነው። ክላክስ ነፋህ ተብሎ የታሰረ ሹፌር ያለባት አገር ነበረች የእኛ አገር! ይህ እንዳለ ሆኖ፣ «ቤት ዋሉ» የሚለው ቃል በሁሉም ቤት እኩል አይገባም።

የወር ደመወዝተኛ ሦስት ቀን ቤት ቢውል ወሩ ሲደርስ ደመወዙን ያገኛል። ጉሊት ቲማቲም የምትሸጠዋ እናትስ? ሰኞ ያመጣችው ቲማቲም ረቡዕ ውሃ ይሆናል። የቀን ሠራተኛው ዛሬ ካልሠራ ዛሬ ማታ አይበላም። የታክሲው ረዳት፣ ሊስትሮው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጠላ ሻጯ… የእነዚህ ሰዎች የባንክ ደብተር የሰፈሩ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ነው። ያች ደብተር በዚያ ሳምንት ሞላች። ባለሱቃችን የፊት በሩን ዘግቶ በጓሮ በኩል እያስገባ ሽሮ በኩባያ፣ ዘይት በሲኒ፣ ላምባ በጠርሙስ ይሰፍር ነበር። በአንድ በኩል «አድማ መቺ» እንዳይባል ይፈራል፣ በሌላ በኩል «ከሃዲ» እንዳይባል ይፈራል። ጓሮው ነበር መሐሉ።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። ያኔ ሳሩ ብልህ ነበር። አንዱ ቤት እንጀራ ተጋግሮ ለሦስት ቤት ይከፈል ነበር። በዚያው ሳምንት ረመዳን አልቆ ዒድ አል ፈጥር ዋለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወር ሙሉ ፆመው ለበዓላቸው የሚጠይቃቸው ዘመድ እንኳን መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ሆኖም ከሰዓት በኋላ በአጥር በኩል አንድ ሳሕን ምግብ ተሻገረልን። እናቴ ሳሕኑን ባዶውን አይመለስም ብላ ቤት ውስጥ ስትፈልግ፣ የተገኘው አንድ ጭብጥ ቆሎ ነበር። ቆሎው ተመለሰ። ማንም አልሳቀም።

ለትግል ጥሪ የሚያደርግ ፓርቲ፣ ዛሬም ሆነ ነገ፣ ከመግለጫው በፊት አንድ ስሌት ይሥራ። የደሃው ማሰሮ ስንት ቀን ይችላል? ይህን ያላሰላ ጥሪ መጀመሪያ የሚያደክመው የራሱን ወገን ነው። የደከመ ወገን ደግሞ ሁለተኛ ሲጠሩት አይነሳም።

የስንቅ መንገድ

ከጥይቱ ቀጥሎ አፈሳው መጣ። ሌሊት በር ይመታል። ወጣት ወንድ ያለበት ቤት እንቅልፍ የለም። እናቶች ልጆቻቸውን አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ ዘመድ ጋ ይበትኑ ጀመር። የተያዘው ተይዞ ሄደ። ወዴት? ኮልፌ፣ ዝዋይ፣ ሸዋ ሮቢት፣ እስከ ወለጋ ዴዴሳ ድረስ። ዴዴሳ የወባ አገር ነው። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ክረምቱን ተከትሎ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ብርድ ባንዲት ሹራብ የተወሰደ ልጅ እዚያ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን የምታውቅ እናት፣ ሌሊቱን እንዴት ታነጋዋለች?

የዚያ ጥቅምት ትልቁ ሠራዊት የእናቶች ሠራዊት ነበር። ሳሕን በፎጣ ቋጥረው፣ ፔርሙዝ አንጠልጥለው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ልጁ የት እንዳለ መፈለግ ነው። አንዱ በር ላይ «እዚህ የለም» ይባላሉ፤ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ስንቁ ከተቀበላቸው «አለ» ማለት ነው። ስንቁ ከተመለሰ ግን… ሴትየዋ እዚያው አስፋልት ላይ ትቀመጣለች። የእስረኛን መኖርና አለመኖር በሳሕን ክብደት መለየት እንዴት ያለ ዕውቀት ነው? ከበር ሲወጡ ፊታቸውን ማየት አያስፈልግም ነበር፤ የፎጣውን ቋጠሮ ማየት ይበቃል።

የሰፈራችን አንድ ልጅ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ፀጉሩ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቶ ነበር። እናቱ እልል ብላ ስታበቃ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እልልታም ያስጠረጥራል ብላ። ልጁ ስለ ነበረበት ቦታ አልተናገረም። ዛሬም አልተናገረም። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ሥራ ይሠራል። ልጁ ትምህርት ቤት አርፍዶ ሲመጣ ግን ደጅ ወጥቶ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ሚስቱ አታውቅም። ይህ በየትኛው ሪፖርት ይቆጠራል? ከ763ቱ ቁስለኞች ውስጥ ይሆን?

ቡናውም ቀዘቀዘ

ምርጫው ሰሞን ቡና ላይ የማይወራ ነገር አልነበረም። ሬዲዮ ይከፈታል፤ የአሜሪካ ድምፅ፣ የጀርመን ድምፅ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሁለት ጣታቸውን እያወጡ የቅንጅትን ምልክት ያሳያሉ። ከጥቅምት በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇ መንገድ ላይ ሁለት ጣት ሲያወጣ፣ እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። አልተቆጣችም፣ አልመታችም። እንደ ጃንጥላ አጠፈችና እጁን በእጇ ውስጥ ደበቀችው። የዚያን ዘመን ታሪክ በአንድ ፎቶግራፍ አሳዩኝ ብትሉኝ እሱን ነው የማሳያችሁ።

ቡናው ቀጠለ፤ ወሬው ግን ሌላ ሆነ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ተባለ። የእገሌ ባል ቀበሌ ይሠራል፣ የእገሊት ልጅ ሊግ ነው… ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ይነሳ ጀመር። ሬዲዮው ትራስ ሥር ገባ። ኅዳር 12 ሲደርስ፣ እንደ ወጉ ቆሻሻ ሊጤስ ነው። ይህ ወግ በ1911ዱ የኅዳር በሽታ ከተማው ካለቀበት ጊዜ ጋር የተያያዘ መሆኑን ታውቃላችሁ። የዚያን ዓመት ጭሱ ከየሰፈሩ ሲነሳ እናቶች «ግቡ! ግቡ!» እያሉ ልጆቻቸውን ከደጅ ሰበሰቡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭስ ማለት የጎማ ጭስ ነበርና፣ ለበሽታ ማባረሪያ የሚጤሰውም አስፈራን።

ጥይት የሚገድለው የተመታውን ነው። ጥርጣሬ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ለይቶ ዓመታት ይኖራል። እኔ አንድን መንግሥት ከሁሉ አስቀድሜ የምከስሰው በዚህ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ቡና የሚጠጣበትን እምነት በመስበሩ።

ጋዜጣ አከራዩ የት ሄደ?

ጋዜጣ የምታነቡ ስለሆናችሁ ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በዚያን ጊዜ በአራት ኪሎና በፒያሳ ጋዜጣ ይከራይ ነበር። ሙሉ ዋጋ መክፈል ያልቻለ ሰው በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልሳል። ፕሮፌሰሩም ዘበኛውም ጎን ለጎን ነው የሚያነቡት። ከጥቅምት በኋላ አስኳል የለም፣ ምኒልክ የለም፣ ሳተናው የለም። ሌሎችም ብዙዎቹ ተከተሏቸው። ጋዜጠኞቹ ታሰሩ ወይም ተሰደዱ። ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል እስር ላይ እያለች ነው የወለደችው። አንድ ሕፃን የመጀመሪያ ትንፋሹን በእስረኛ እናት እቅፍ የወሰደው በጋዜጣ ጽሑፍ ምክንያት ነው።

አከራዩስ? የሰፈራችን አከራይ ለተወሰነ ቀን የድሮ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀመጠ። ከዚያ የሥራ ማስታወቂያና ሎተሪ ያዘ። ከዚያ አጣነው። ድንጋዩ ላይ የሚቀመጡት አንባቢዎችም ተበተኑ። ጋዜጣ ሲዘጋ ደራሽ መስሎ የሚመጣው አሉባልታ ነው። ያ ክፍተት በወሬ ተሞላ። ሃያ ዓመት ሙሉ የዚያን ዕዳ እየከፈልን አይደለም ወይ?

ታዲያ ምን እናድርግ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። እኔ ግን እፈራለሁ። የተወጋውም እያረጀ ነው። ስንቅ ያመላለሱት እናቶች ዛሬ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሚነሱት፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሐሰት ነው። ይነቅዛል እንጂ! ዝም የተባለ ነገር ከውስጥ ነቅዞ ነው ዛሬ ዱቄት የሆነብን።

ልብ በሉ፤ በ2013 ትግራይ ውስጥ ስልክ ሲጠፋ፣ በ2014 አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በማንነቱ ሲጠረጠርና ሲታፈስ፣ ዘዴው ሁሉ አዲስ አልነበረም። ሌሊት በር መምታቱ፣ እናት ሳሕን ይዛ ከበር በር መንከራተቷ፣ በስልክ «ዝናብ አለ ወይ» መባባሉ… በ1998 ያየነው ነው። የትናንቱን ቁስል በስሙ ስላልጠራነው፣ ዛሬ በሌላው ላይ ሲደርስ የማናውቀው መሰለን። አንዳንዶቻችን ዘወር አልን። አንዳንዶቻችን «ይበላቸው» አልን። ትናንት የኛ እናት በቆመችበት በር ላይ ዛሬ የሌላ ሰው እናት ስትቆም ካላወቅናት፣ ከዚያ ጥቅምት ምን ተማርን?

ስለዚህ የክበባችሁ አባላት ሆይ፣ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጡ። «በ1997 ማንን መረጡ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያ ጥያቄ አሁንም ያስፈራል። «በዚያ ሳምንት ምን በላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ልጆቹን የት አሳደራችኋቸው? ዱቤውን መቼ ጨረሳችሁ? በእስር ቤት ሰልፍ ላይ ከማን ጋር ተዋወቃችሁ?» በሏቸው። ያን ጊዜ አፋቸው ይፈታል። የተናገሩትን በደብተር ጻፉት፣ ቀኑን አስቀምጡበት። ስማቸውን ካልፈቀዱ አትጻፉ። ከጉለሌም፣ ከመርካቶም፣ ከመቀሌም፣ ከአምቦም፣ ከጎንደርም ሰብስቡ። የአንዱን ብቻ ከጻፋችሁ እሱም ሌላ ካድሬነት ነው።

ባለሥልጣናትም፣ ተፎካካሪ ነን የምትሉም፣ ይህን ብታነቡ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። የምትጣሉበት ወንበር አራት እግር አለው፤ አራቱም የቆሙት በአንዲት ማጀት ወለል ላይ ነው። ወለሉን እየሰበራችሁ ወንበሩ ይቆማል ብላችሁ አታስቡ።

 ለሚቀጥለው ጥቅምት ብርዱን ብቻ ያድርግልን!